ጠብ

ጠብ።
ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ እሱ ነበር መጀመሪያ፣
በሌሊት፣ ከራስጌያችን፣ ከዚያች ነጭ ማሽን ጉያ።

እንድሪስ ነው ያመጣት፣ ከጋላፊ መንገድ ጭኖ፣
ከመኪናው አልጋ ላይ፣ በብርድ ልብስ ሸፍኖ።
«ባለሙያ ጥራ» ስለው፣ «ገንዘብ ተርፎሽ ነው?» አለና
ግድግዳውን ራሱ በሳ፣ ቱቦዋን ራሱ አቀና።

የመጀመሪያው ግንቦት፣ እውነት ለመናገር፣ ጀነት ነበር ቤቱ፤
ባቲ ውጭ ትነዳለች፣ እኛ ጋ ጋቢ ነው ሌሊቱ።
ጎረቤቴ ዘምዘም ወንፊት ልትዋስ ትመጣለች፣
ትቀመጥና ትቀራለች፣
ወንፊቱን ረስታ፣
ሻሿን አላልታ።

ሰኔ ላይ ግን
ጠብ።
ቆይቶ ሌላ፤ ቆይቶ ሌላ።
ሳፋ አስቀመጥን ከሥሩ። «አብሽሪ፣ ነገ አየዋለሁ» አለና በላ፣
ተኛ፣ ሚሌ ሄደ፣ ተመለሰ፤ «ነገ» አለ።
ሳፋው ሞላ፣ ተደፋ፣ ሞላ፤ ነገም እዚያው ዋለ።

ቀስ በቀስ ቤቱ ሸተተ፣ ዝናብ እንዳገኘው ጆንያ፤
ሌሊት ሌሊት ትስላለች፣ የአራት ዓመቷ ፎዚያ።
አማቴ «ዓይን ነው» አሉ። ክሊኒኩ «አቧራ» አለ። ሽሮፕ፣ ማር፣ ዝንጅብል፣
ወዲያ ወዲህ ብንል፣
ጠብ ያለ ነገር የለም፣
ከማሽኗ በቀር። እሷ አንድ ሌሊት አልሰነፈችም።

የክትባት ካርድ ፍለጋ ቁምሳጥኑን ገፋሁት፤
ጀርባው ያለውን ግድግዳ ያን ቀን ነው ያየሁት።
ጥቁር፣ እንደ ተደፋ ቀለም፤ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ጭገር።
የሠርጉ ኮት እንኳ ከትከሻው ነጭ ጸጉር አብቅሎ
አርጅቶ ጠበቀኝ፣ ማንጠልጠያው ላይ ተንጠልጥሎ።

ያን ማታ ሌላው ጠብ መጣ።
«ልብስ ቤት ውስጥ ታሰጫለሽ፣ መስኮት አትከፍቺ!» ብሎ ተቆጣ።
«ማሽንህ ናት» አልኩ። «እጅሽ ነው» አለ። «እጅህ ነው» አልኩት።
ጋቢውን ይዞ ሳሎን ወጣ፤ እኔ ሳፋውን ደፋሁት።
ሁለቱም ጠብ ይባላሉ፣ አጻጻፋቸውም አንድ፤
አንዱ ግድግዳ ያሻግታል፣ ሌላው ሆድ።

ለመውሊድ፣ ከሰኞ ገበያ ነጭ ቀለም ገዝቶ ሁለት እጅ ቀባው፤
በሃያኛው ቀን ጥቁሩ ብቅ አለ፣ ቀለሙን እንደ ልጣጭ ገፎ ጣለው።

መጨረሻ ላይ ከኮምቦልቻ መጣ ቶፊቅ የሚባል ልጅ፣
ጢም ያላበቀለ፣ አንድ ጆግ ውሃ በእጁ፣ አንድ ውሃ ልክ በሌላው እጅ።
ውሃውን ማሽኗ ውስጥ አፈሰሰ፣ ቆሞ አየ፣
«ቱቦው ወደ ቤት ነው ያዘነበለው» አለና
ሁለት ጣት ለካ።
ለካ
ያ ሁሉ ክረምት፣ ያ ሁሉ ሳልና ኩርፊያ
ሁለት ጣት ኖሯል ጉድለቱ፣ ከወዲህ ወደ ወዲያ።
እንድሪስ መሬት መሬት አየ። ምንም አላልኩም።
ደስ አላለኝም ብል ግን ውሸት ነው፤ ውሸት አልወድም።

ፎዚያን አክስቷ ጋ ላክናት። አፍንጫችንን በሻሽ አስረን፣
መስኮቱን በርግደን፣ በረኪና በውሃ በርዘን፣
ልስኑን እያረጠብን እስከ ብሎኬቱ ላጥነው፤
ፍራሹን ከነሽታው አውጥተን ጣልነው።
እሱ ይፍቃል፣ እኔ እጠርጋለሁ። ድምፅ የለም ከመፋቂያው ሌላ።
«ጨርቁን አቀብይኝ» አለ፣ ቆይቶ በኋላ።
አቀበልኩት።
ቁጣ የሌለበት ቃል ነበር፤ ከሰኔ ወዲህ የሰማሁት።

አሁን ጠብ የሚለው ደጅ ነው፣ ጀሪካን ውስጥ፤
የዘምዘም ፍየል አጥር ጥሳ ትመጣለች፣ እሱን ልትመጥ።
ኮቱ ፀሐይ ላይ ነው። ሽታው አልለቀቀም።
ፎዚያ ተመልሳለች፤ ሳሏ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

«እንለስነው፣ እንቀባው» ይላል እንድሪስ፣ «እንግዳ ሳይመጣ»፤
«አይሆንም» እላለሁ፣ «መጀመሪያ እርጥበቱ ይውጣ»።
ግድግዳው ራቁቱን ቆሟል፣ ብሎኬቱ አፍጥጦ።
ጠዋት ጠዋት፣ እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣
የእጄን ጀርባ፣ እንደ ልጅ ግንባር፣ እዚያ ላይ አሳርፋለሁ።
«እህስ?» ይላል ከኋላዬ።
«ገና ነው። ነገ አየዋለሁ።»